በውሉ ውስጥ ውሃ የለም

አሁን የምኖርበትን ቤት የተከራየሁበት ውል፣ አንቀጽ ስድስት ላይ፣ የማላውቀው ሰው ስም አለ። «አቶ» ይልና ስሙን ይጠራል፤ ከዚያ ቤቱን በተረከበበት ሁኔታ መልሶ ለማስረከብ ተስማምቷል ይላል። ሰውየው እኔ አይደለሁም። አከራዬም ሊሆኑ አይችሉም፤ እሳቸው ሴት ናቸው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ከኔ በፊት እዚያው ጽሕፈት ቤት ውል ያጻፈ ሰው ነበር። ጸሐፊዋ የሱን ፋይል ከፍታ ስሞቹን ስትቀያይር አንዱ አመለጣት። አከራዬም፣ እኔም፣ ሦስቱ እማኞችም ሳናነብ ፈረምን።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ ይሄ ዓይነት ስህተት ለኔ አዲስ አይደለም። የሌላ ሰው ኮድ ኮፒ ስታደርግ የሌላ ሰው ችግርም አብሮ ይመጣል። ስሙን ያየሁ ቀን ሳቅሁና ውሉን እንደ ኮድ፣ መስመር በመስመር አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 2005 እና 2266 መሠረት የጸና ነው ይላል። ቁጥሮቹን ፈልጌ አየኋቸው። 1731፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው የሚለው ነው። ጥሩ። 2005 ስለ ጽሑፍ ማስረጃ ነው። እሱም ይሁን። 2266 ግን ስለ ሽያጭ ነው፤ ሻጭ ንብረቱን ለገዢ የሚያስተላልፍበትን ውል የሚተረጉም ቁጥር። የኔ የኪራይ ውል አያቱ የመኪና ሽያጭ ውል ነው ማለት ነው! ሕጉ ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው የደረደራቸው አንቀጾች አሉት፤ ከነሱ አንዱም አልተጠራም።

እዚህ መጽሔት ላይ ስለ ልቦለድና ስለ ግጥም ብዙ ሂስ ይወጣል፤ እኔም አነባለሁ። ዛሬ ሂስ ልጽፍበት የፈለግሁት ድርሰት ግን ይሄ ነው፤ ሁለት ገጽ የቤት ኪራይ ውል። ከተመረቅሁ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ቤት ቀይሬያለሁ፤ አራት ጊዜ ፈርሜያለሁ። በሕይወቴ ላይ የሱን ያህል ሥልጣን ያለው ጽሑፍ የለም። እና አንድ ቀን እንኳን በሥርዓት አላነበብኩትም ነበር።

* * *

ውሉ ዘጠኝ አንቀጽ አለው። ስድስቱ ስለ ገንዘብና ስለ መውጣት ናቸው፦ ኪራዩ ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል፣ ቅድሚያ ስንት ተሰጠ፣ ልቀቅ ሲባል እንዴት ይለቀቃል። ሁለት ሰዎች አሉበት፤ «ውል ሰጪ» እና «ውል ተቀባይ»። ሁለቱም «ወደውና ፈቅደው» ነው የመጡት። ያን ቃል ሳነብ ደላላው ከኋላዬ ቆሞ «ዛሬ ካልፈረምክ ማታ ይያዛል» ሲለኝ ትዝ አለኝ።

እንደ ድርሰት ካየነው ውሉ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ መካከል የለውም። የሚጀምረው ቁልፍ ስትቀበል ነው፤ የሚያልቀው ቁልፍ ስትመልስ። በሁለቱ መካከል ያለው ሁለት ዓመት ባዶ ነው። የሚያውቀው ሁለት ሁኔታ ብቻ ነው፦ ውል ማክበርና ውል ማፍረስ። ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ይሄን ያህል፣ ለመንግሥት ይሄን ያህል ይቀጣል። በቃ።

እስቲ ጠይቁ፤ ከአከራያችሁ ጋር ከተጋጫችሁባቸው ቀኖች ስንቱ ውል ማፍረስ ነበር? እኔ የተጋጨሁት በልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። በምጣድ ነው። እህቴ ሁለት ሌሊት አደረች ተብሎ ነው። ያልጠፋ አምፖል ነው። ማናችንም ውል አላፈረስንም፤ ተኳረፍን እንጂ። የኛ አገር የአከራይና ተከራይ ጠብ አብዛኛው ኩርፊያ ነው። ሰላምታ ይቀንሳል፣ በር ጠንከር ተደርጎ ይዘጋል፣ ቡና ሲፈላ አትጠራም። ውሉ ይሄን አያውቅም። ሲያውቀው ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

* * *

ባዶው ቦታ የውሉ ብቻ አይመስለኝም። እኔ ባነበብኩት የአማርኛ ልቦለድ ውስጥም የመሬት ጠብ ሰፊ ቦታ አለው፤ የክፍል ጠብ ግን ጠባብ ነው። በ1958 የወጣውን ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሰው ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሱ አይረሳም። ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጥቷል። የባላባትና የጭሰኛ ነገር በዘፈንም በመፈክርም ተብሏል። የከተማው ቤት ግን በአንድ አዋጅ ነው የተዘጋው፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967። ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘት ቀረ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። አከራይ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ከመድረክ ወረደ። «ደባል» የሚለው ቃል የሚያስታውሰን ደግሞ ሌላ ኑሮ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ያለ ውል፣ በመቻቻልና በመነጫነጭ የሚኖር ኑሮ።

አሁን አከራይ ተመልሷል፤ የተመለሰው ግን ወደ ቀልድ ነው። የቲክቶክ አከራይ ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው፦ ነጠላቸውን አጣፍተው የሰው በር የሚያዳምጡ፣ ወር በገባ በማግስቱ ደጅ የሚቆሙ ሴትዮ። ተከራዩም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ድሃ፣ የዋህ፣ አስቂኝ። እኔም ስቄ ላይክ አድርጌያለሁ። ግን ቀልዱን የሚሠራው ማን ነው? ተከራይ ነው። ስልክ ይዞ ቪዲዮ የሚቀርጸው ወጣቱ እኛ ነን። ውሉ ላይ አከራይ ብቻቸውን ይጽፋሉ፣ ቀልዱ ላይ እኛ ብቻችንን እንጽፋለን። ሁለቱም አንድ ወገን ያልተጠየቀበት ድርሰት ነው።

ይሄን የምለው ለማመጣጠን ብዬ አይደለም። እናቴ አከራይ ናት።

* * *

ወደሷ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ የውሃውን ልንገራችሁ።

የምኖረው ኮተቤ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ነው። ሦስት ተከራይ ነን፤ ከፊት ለፊት የአከራያችን ቤት። ማዘር ነው የምንላቸው። ቤቱን ያየሁ ቀን ማዘር ሌላ ውል ነገሩኝ፤ በቃል። «ልጄ፣ ቤቱ የራስህ ነው» ብለው ጀመሩ። ከዚያ «ብቻ» አሉ። ብቻ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋገር ይነገረኝ። ብቻ በሩ ማታ ይቆለፋል። ብቻ ልብስ በሳምንት አንድ ቀን። የቃሉ ውል ከወረቀቱ ይረዝማል፤ ግቢውን የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። ደግነቱና ቁጥጥሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚመጡ አንዱን ተቀብለህ ሌላውን መተው አትችልም። ያመመኝ ቀን አጥሚት ያመጡልኝ ማዘር ናቸው። የመጣልኝን እንግዳ «የማን ልጅ ነሽ?» ያሏትም ማዘር ናቸው።

ውሃ ወደኛ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሌሊት። ግቢው በሙሉ አንድ ሮቶ ነው ያለው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ቧንቧዬን ስከፍት አየር ብቻ ወጣ። ሮቶው ውስጥ ውሃ አለ፤ ወደኛ የሚመጣው መስመር ነው የተዘጋው። በዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር እስከ ሌሊት እሠራና ሳልተኛ እታጠብ ነበር። ጥፋተኛ ተደርጌ መቀጣቴ ገባኝ፤ ተናደድኩ።

ምን አደረግሁ? ሄጄ አላናገርኳቸውም። ለማዘር ልጅ በቴሌግራም ሰባት ነጥብ ያለው መልእክት ላክሁ፤ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ «በውላችን መሠረት» ተብሎ። ሥራ ቦታ እንዲህ ነው የምንጽፈው፤ ችግሩ፣ ማስረጃው፣ የሚጠበቀው መፍትሔ። ልጁ መልእክቱን ቡና ላይ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ማዘር፣ «ይሄ ልጅ ጠበቃ ነው እንዴ?» ብለው ዝም አሉ አሉኝ።

በማግስቱ ጠሩኝ። «ውሉን አምጣው» አሉ። አመጣሁ። «ውሃ የት አለ? አሳየኝ።» ዘጠኙን አንቀጽ አብረን አየን። ውሃ የለም። መብራትም የለም፤ በርም የለም። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ሞተሩን የሚያበራው ማን ነው? በዚህ ጉልበቴ፣ በብርድ። አንተ ተኝተሃል።»

ሞተር መኖሩን አላውቅም ነበር። በሰባቱ ነጥብ ውስጥ ውሃው እንዴት ሮቶው ላይ እንደሚወጣ አንድም ቃል አልነበረም። እሳቸው ቅር ያላቸው የሌሊት ሥራቸው ስላልታየላቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ውሃ ነው የሰማሁት። የኔም መልእክት እንደ ውሉ ነበር፤ መካከሉ የለም።

* * *

«ሕግ እኮ ወጥቷል» የሚል አይጠፋም። ወጥቷል፤ እሱንም አንብቤዋለሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፤ ከሁለት ዓመት አይነስ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ። እንደ ጽሑፍ ግልጽ ነው፤ ቁጥሮቹ አያወላውሉም። የስድስት ወር ክፈል ተብሎ ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ስለ ሞተርና ስለ ምጣድ አያወራም ብዬ አልወቅሰውም፤ አዋጅ የኔን ግቢ ሊያውቅ አይችልም።

ችግሩ ያለው አዋጁ በሚያርፍበት ወረቀት ላይ ነው። ከዚህ በፊት የነበርኩበት ቤት የምከፍለው 12,000 ብር ነበር፤ የተመዘገበው ውል ግን 6,000 ይላል። አከራዩ «ለግብር ነው፣ አንተን አይነካህም» አሉኝ። ግማሹን በባንክ፣ ግማሹን በእጅ። ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ቤቱን ወድጄው ነበር። ዓመት ሳይሞላ 4,000 ጨምር ተባልኩ። ወዴት ልሂድ? ሕጉ የሚጠብቀው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ደግሞ 6,000 ነው የሚከፍለው። ብናገር መጀመሪያ የምናገረው የራሴን ውሸት ነው። በአንድ ወር ውስጥ ዕቃዬን ጭኜ ወጣሁ። እዚያ ውል ላይ የመጀመሪያው ልቦለድ ደራሲ አከራዩ ናቸው፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ።

* * *

ያን ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፤ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤት ታከራያለች። አባቴ ካለፈ ወዲህ የምትኖረው በሱ ነው፤ የኔም የመጨረሻ ሁለት ዓመት የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ብር የመጣው ከነዚያ ሁለት ክፍሎች ነው። አከራዬን ሳማላት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እኔንም እንዲህ ይሉኝ ይሆን?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

እናቴ ውል አጽፋ አታውቅም። አንድ ተከራይ የሦስት ወር ኪራይ ሳይከፍል ሌሊት ዕቃውን ይዞ ሄዶባታል፤ ያኔም አላጻፈችም። ያላት አንድ ደብተር ነው። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የኪራይ ሂሳብ ነው ብዬ ነበር። ኪራዩም አለ፤ ግን ደግሞ እንዲህ ይላል፦ የጓሮው ክፍል መስታወት ተሰነጠቀ፣ በበረዶ ነው፣ እኔ አሠራሁ። ምጣድ ወሰደች፣ መለሰች። የመብራት ለሦስት ተካፈልን፣ ልጁ አገር ቤት ስለነበር ለሁለት። ቁልፍ ጠፋ፣ እሱ አስቀረጸ። ከሁሉም ጎን ቀን አለ።

ይሄ እኛ ሎግ የምንለው ነው። ሲስተም ሲበላሽ መጀመሪያ የምናየው ምን መሆን ነበረበት የሚለውን ሰነድ አይደለም፤ ምን ተፈጠረ የሚለውን መዝገብ ነው። ውሉ ስለሚሆነው ይናገራል፤ ደብተሩ ስለሆነው። በረዶው እንደሰበረውና ተከራዩ እንዳልሰበረው ስለተጻፈ፣ ስለ መስታወቱ ያኔም በኋላም የተከራከረ የለም። ካነበብኳቸው የኪራይ ጽሑፎች ሁሉ በጣም ሐቀኛው እሱ ነው። ግን ጉድለትም አለው፤ የሚጽፈው አንድ እጅ ብቻ ነው። ተከራዮቹ ደብተሩን አይተውት አያውቁም። ሦስት ወር ሳይከፍል የሄደው ልጅ ምን ደርሶበት እንደሆነ ደብተሩ አይናገርም፤ «ሄደ» ብቻ ነው የሚለው።

* * *

ኮተቤ ስመለስ ማዘርን ይቅርታ ጠየቅሁና ሞተሩን አሳዩኝ አልኳቸው። ቅዳሜ ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ ወረቀት ጻፍን። እኔ ጻፍኩ፤ ሌሎቹ ተናገሩ። ማክሰኞ ሌሊት ሞተሩን ተከራይ ያበራል፣ በየተራ፤ ዓርብ የማዘር ልጅ። ልብስ የሚታጠበው ውሃ በመጣ ማግስት። የመብራት ቆጣሪ ወር በገባ በአንደኛው ቀን ይነበባል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ምጣድ የሚጠቀም ጨመር አድርጎ ይከፍላል። አምፖልና ቁልፍ የተከራይ፣ ጣሪያና ቧንቧ የማዘር፤ የተበላሸ ነገር በዚያው ቀን ይነገራል። በር ማታ አራት ሰዓት ይቆለፋል። ወረቀቱን ቆጣሪው አጠገብ ለጠፍነው፤ ከሥሩ ባዶ ሰንጠረዥ፦ ቀን፣ ምን ሆነ፣ ማን አሠራው። ይሄን የወሰድኩት ከእናቴ ደብተር ነው፤ እዚህ ግን ብዕሩ የሁሉም ነው።

በወረቀቱ ኮርቼ ነበር። ስለዚህ በሱም ላይ ሂስ ላድርግ።

ከኋላ ያለው ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ትኖራለች፤ ካፌ ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ቡና ላይ አልነበረችም፤ ቅዳሜ ለሷ የሥራ ቀን ነው። ከሥራ የምትወጣው ማታ አራት ሰዓት ተኩል ነው። በሦስተኛው ቀን በሩን አንኳኩታ እኔ ከፈትኩላት። ወረቀቱን በስልኳ መብራት እያነበበች፣ «ስትስማሙ እኔ አልነበርኩም» አለችኝ። ሰላማዊ ነው ያልኩት ጽሑፍ ውስጥ የግቢው ደካማ ሰው ከደጅ ቀርታለች። ከዚያ በፊት ማዘር እሷን ጠብቀው ነበር የሚቆልፉት፤ በቃል፣ ሳይጻፍ። እኛ ስንጽፈው ነው የጠፋው። ያልተጻፈው ሁሉ መጥፎ፣ የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ደጅ ቆማ ሳያት ይሄ እምነቴ ተናጋ። ሕጉ ራሱ ውል በቅን ልቦና ይተርጎም ይላል፤ ቁጥር 1732፣ ውላችን የጠራው 1731 ቀጥሎ ያለው። ማንም አይጠራውም።

በማግስቱ ቁልፍ አስቀረጽንላት። ወረቀቱ ላይ «አራት ሰዓት» የሚለውን ሰርዛ የጻፈችው ራሷ ናት፤ በሰማያዊ ብዕር፦ «ሁሉም ቁልፍ አለው፣ መጨረሻ የገባ ይቆልፋል።» ከኔ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ይሻላል። ይሄ ማለት ግቢው ገነት ሆነ ማለት አይደለም። ማዘር አሁንም እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ገለጥ ያደርጋሉ፤ እሱን ማንሳት ፈርተን ወረቀቱ ላይ አልጻፍነውም።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ለቀቀና አዲስ ተከራይ መጣ። ማዘር «አንተ ነህ የምታነበው» ብለው እማኝ አድርገው ወሰዱኝ፤ እዚያው ጽሕፈት ቤት። ጸሐፊዋን 2266ን አውጪው አልኳት። «ሁሉም ላይ ያለ ነው» አለች፤ እያጉረመረመች አወጣችው። ማዘር ደግሞ፣ «ውሃውን አስገቢው» አሏት። አንቀጽ አሥር ተጨመረ፦ የውሃ፣ የመብራትና የበር አጠቃቀም የግቢው ነዋሪዎች በጋራ በተስማሙበት ወረቀት መሠረት ይሆናል፤ ወረቀቱም ተያይዟል።

ታትሞ ሲወጣ ከመፈረሜ በፊት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንቀጽ ስድስት ላይ ያ ሰውዬ አሁንም አለ። አስጠፋሁትና ፈረምኩ።